የሚያመው ሌላ፣ የሕመሙ ምንጭ ሌላ

በአሶሳ አቅራቢያ የሚገኘው የጾሬ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተ ሲሆን፣ በውስጡ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ቤተሰቦች ተጠልለዋል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውሃና ማገዶ የሚሸከሙ እናቶች ራሳቸውን፣ ትከሻቸውንና ወገባቸውን እንደሚያማቸው ቢናገሩ የሚያስገርም አይደለም። በብዙ ስፍራ ግን የሚሰጣቸው ክኒን ብቻ ነው፤ ሕመሙ ሲመለስም እንደ ልማድ ይቆጠርባቸዋል። ስለሆነም የዚህን ሕመም ጠባይ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በአጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን።

ሕመሙ ከወዴት ይመጣል?

20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። በአካባቢው ደግሞ ሸክምን በእንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ በትከሻ መሸከም የተለመደ ነው። ጡንቻ ዕረፍት ሳያገኝ ሲቀር በውስጡ የጠጠረ ስፍራ ሊገኝ ይችላል፤ በጣት ሲዳሰስ ቋጠሮ ይመስላል። ይህ ቋጠሮ ሲነካ ሕመሙን ወደ ሌላ ቦታ ይልካል። የትከሻው በአንገት በኩል አልፎ እስከ ራስ ይደርሳል፣ ሰውየውም “ራሴን አመመኝ” ይላል። የመቀመጫው ወደ እግር ይወርዳል። አሜሪካዊቱ ሐኪም ጃኔት ትራቬል፣ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት፣ ከዶክተር ዴቪድ ሲመንስ ጋር ይህንን በሥዕል ያሳየ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1983 አሳትመዋል። የቋጠሮው አፈጣጠር ዛሬም ሊቃውንትን ያከራክራል፤ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው።

ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። በዚህ ጊዜ ነርቮችና አንጎል ለሕመም ይበልጥ ንቁ ሊሆኑ ይችላሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና ስጋትም ያብሱታል። ስለዚህ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ሕመም ሲጸናበት አስመሳይ ነው ማለት አይገባም።

ምን ይደረግ?

1. በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቆ፣ ቆዳ በማያቃጥል ሙቀት፣ ለ15 ደቂቃ ማኖር።
2. ቋጠሮውን በጣት ቀስ ብሎ፣ ሕመሙ በሚቻል መጠን፣ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ መጫን። የአንገትን ፊት ለፊት መጫን አይገባም።
3. ተቀምጦ ራስን ወደ ሌላው ወገን ማዘንበልና ለ30 ሴኮንድ ማቆየት፤ ይህንንም በየዕለቱ መደጋገም።
4. ሸክሙን በትናንሽ ጀሪካን መከፋፈል፣ ትከሻ ማፈራረቅ፣ ጋሪ ካለ በጋሪ መጠቀም። ይህ ካልተደረገ ሕመሙ ይመለሳል።

ወጌሻ ማሸት ቢችልም አንገትን በኃይል መጠምዘዝና ቆዳን መብጣት አደገኛ ነው።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ?

ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የሌሊት ላብ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መሄድ ይገባል። እግር ሲደክም፣ ሽንት ሲያስቸግር፣ ደረት ሲያምም፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ሲመጣም እንዲሁ።

አንዲት እናት “አመመኝ” ስትል፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቃትና በምን እንደምትሸከመው እንጠይቃት። የውሃ ቦኖን ወደ መንደር ማቅረብም ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው።