«ሰቀቀን»፣ «ሕክምናዊ ማድረግ» እና «ትርፍ ልየታ»

ማኅበረሰብ ቀድሞ በሽታ ያላለውን መከራ ወይም ጠባይ በሕክምና ስም ሲጠራው፣ ጉዳዩም ከሽማግሌና ከጎረቤት እጅ ወጥቶ ወደ ሐኪም እጅ ሲገባ፣ ድርጊቱ «ሕክምናዊ ማድረግ» ይባላል። «ትርፍ ልየታ» ግን በምርመራ የተገኘው በሽታ በርግጥ ኖሮ፣ ሳይታወቅ ቢቀርም ባለቤቱን የማይጎዳ ሲሆን ነው። የሌለውን አለ ማለት «የተሳሳተ ልየታ» ስለሆነ፣ ሦስቱን በአንድ ቃል መተርጎም አይገባም።

ለዚህ የጌዴኦ ዞን ምሳሌ ይሆነናል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ ይርጋጨፌ ተፈናቃዮችን ካስጠለሉት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። በዞኑ ተፈናቃዮች ላይ ተደርጎ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከተጠያቂዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት «ድኅረ አደጋ ሰቀቀን» እንዳለባቸው አመለከተ።

ይህ የበሽታ ስም ራሱ የማኅበረሰብ ሥራ አለበት። በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ የገባው፣ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና ደጋፊዎቻቸው ባደረጉት ግፊት ጭምር ነው። ዴሪክ ሰመርፊልድ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1999 እ.ኤ.አ. እንደተከራከሩት፣ የጦርነትን መከራ ሁሉ ሕመም ማለት የተጎጂውን የፍትሕና የኑሮ ጥያቄ ሊሸፍን ይችላል።

የተርጓሚው ኃላፊነት እዚህ ላይ ይመጣል። ለዚህ ልየታ በብዙ አገር የሚሠራበት መጠይቅ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 31 ወይም 33 ሲደርስ ሕመሙ ይጠረጠራል። አንዱ ጥያቄ ከልክ ያለፈ ንቃትንና ተጠባባቂነትን ይመለከታል። ተርጓሚው «ከልክ ያለፈ» የሚለውን ጥሎ «ትጠነቀቃለህን?» ቢል፣ ቤቱ ተቃጥሎበት በመጠለያ የሚያድር አባወራ «አዎን» ማለቱ አይቀርም፤ መልሱም ከአእምሮው ይልቅ ስለ አካባቢው የሚናገር ይሆናል። ቃሉ ከአማርኛ ወደ ጌዴኡፋ ሲሻገር ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል።

ይሁን እንጂ ሁሉን «ሐዘን ነው» ብሎ ማለፍም በርግጥ የታመመውን ያለ ሕክምና ያስቀራል። ስለሆነም መዝገበ ቃላት «ሰቀቀን» ለሚለው ቃል ሁለት ፍቺ ቢሰጥ ይመረጣል፤

1ኛ/ ክፉ ነገር ያየ ሰው የሚሰማው የመንፈስ ሥቃይ፤

2ኛ/ (በሕክምና፣ «ድኅረ አደጋ» ከሚለው ጋር) ከአንድ ወር በላይ የቆየና የዕለት ኑሮን የሚያሰናክል ሕመም።

በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ካልተጠበቀ፣ እህልና መጠለያ የሚሻው ሰው መድኃኒት፣ መድኃኒት የሚሻውም ማጽናኛ ብቻ ሊሰጠው ይችላል።