ሮቦቱን ከመግዛትዎ በፊት
ለልጅዎ የሚገጣጠም ሮቦት ሊገዙ አስበዋል? እንግዲያው ከዋጋው በፊት «ከኮምፒውተራችን ጋር በምን ይግባባል?» ብለው ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ከኤምአይቲ የወጣው ስክራች ልጆች ባለቀለም ብሎኮችን እየደረደሩ ፕሮግራም የሚሠሩበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሆኖም ልጅዎ ብሎኮቹን ስለደረደረ ብቻ ሮቦቱ ንቅንቅ አይልም። ትእዛዙን ለሮቦቱ በሚገባው ቋንቋ የሚያደርስ አስተርጓሚ በመሃል ያስፈልጋል። ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል።

ለምሳሌ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ስክራች ከሌጎ ኢቪ3 ጋር በብሉቱዝ እንዲገናኝ ስክራች ሊንክ የተባለው ፕሮግራም መጫን አለበት። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ የአርዱይኖ ቅጂ ቦርዶች ደግሞ ሲኤች340 የተባለውን ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ በዩኤስቢ የተሰካውን ቦርድ ላያውቀው ይችላል።

ያገለገለ ሮቦት ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ። ሌጎ ማይንድስቶርምስ የተባለውን የሮቦት ምርቱን በ2022 መጨረሻ አቁሟል። ስለዚህ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ፤ ድራይቨሩን ቀድመው ያውርዱ፤ ሻጩ ፊት አገናኝተው አንድ ትእዛዝ ይስጡት። ጎማው ሲዞር በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይክፈሉ። የልደት ስጦታውን ሲጠብቅ የከረመ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ የማይንቀሳቀስ ሮቦት ባያገኝ ይሻላል።