የብቸናንና የሞጣን ጤፍ ማን ይገምተው?

የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ በሄክታር ስንት ኩንታል ሰጠ ቢባል መልሱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ከቀበሌ የግብርና ባለሙያ ተነስቶ በወረዳና በዞን እየተደመረ የሚወጣ ሪፖርት ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የናሙና ጥናት ነው። ሁለቱ ሲራራቁ ነጋዴውም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑም ዋጋ የሚተነብዩበት መሠረት ይጠፋቸዋል።

በናሙናው መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ይወጣሉ፤ ከየቦታው 20 አራሽ ቤተሰቦች ይመረጣሉ፤ ማሳቸውም ይለካል። ቀጥሎ ዕጣ በወጣለት ማሳ ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር ቦታ በገመድ ይከለላል። መረጃ ሰብሳቢው ያማረውን ሰብል አይመርጥም። የዕጣው ቁጥር ካዘዘው ቦታ ላይ ጤፉ የሳሳ ቢሆንም እዚያው ይታጨዳል፤ ተወቅቶ፣ ደርቆ ይመዘናል።

አንድ ሄክታር እንዲህ ያለ 625 ቦታ ይወጣዋል። ስለዚህ ከገመዱ ውስጥ 2.88 ኪሎ ጤፍ ከተገኘ በሄክታር 18 ኩንታል ማለት ነው። 160 ግራም ቢዛባ ግምቱ በአንድ ሙሉ ኩንታል ይዛባል። ስህተቱ ወዲያና ወዲህ ከሆነ ናሙናው ሲበዛ ይካካሳል። ሁሉም ወደ ጥሩው ሰብል ካዘነበለ ግን ብዛት አያድንም።

ማን እንደሚገምት የሚያሳስበው ለዚህ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ምርት ገማቾች ወደ ገጠር ወጡ። የብቸናና የሞጣ ገበሬ ግን ግምቱን ርስት ለመንጠቅ የመጣ ልኬት አድርጎ አየውና አመፀ፤ በመጨረሻ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ ከሥልጣን ተነሱ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ያኔ ግፊቱ ምርትን ወደ መደበቅ ነበር። ዛሬ ባለሙያው በዕቅድ አፈጻጸም ሲገመገም ግፊቱ ቁጥርን ወደ ማሳበጥ ነው። ናሙና የሚታመነው ዕጣ የወጣለት ገበሬ ግብር ካልተጨመረበት፣ የመዘነውም በቁጥሩ ካልተሸለመ ነው።

የሚቀረው ችግር ናሙናው የተነደፈው ለዞን እንጂ ለወረዳ አለመሆኑ ነው። የብቸናው እነማይና የሞጣው ሁለት እጁ እነሴ በአንድ የዞን አማካይ ይዋጣሉ፤ የወረዳ ቁጥር የፈለገ ከቀበሌ ወደሚነሳው ሪፖርት ይመለሳል። መፍትሔው በአንድ ቀበሌ ብዙ ገበሬ መጨመር አይደለም፤ ጎረቤታሞች አንድ ዝናብና አንድ አፈር ስለሚጋሩ አዲስ መረጃቸው ጥቂት ነው። ገንዘቡ ትርፍ አምራች በሆኑ ወረዳዎች የቆጠራ ቦታዎችን ለማብዛት ይዋል።