የእንጦጦን የእግር መንገድ ማሻሻል፦ ሰውም ይሂድበት፣ ተራራውም ይኑር

ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ዝናብ ባደረበት ማግስት በእንጦጦ ጫካ የሚሄድ ሰው፣ ብዙ ቦታ የሚያጋጥመው አንድ ዓይነት ነገር ነው። የመንገዱ መሐል ተቦርቡሮ የውሃ መውረጃ ሆኗል፤ የባሕር ዛፉ ሥር ራቁቱን ወጥቷል። እግረኛው ጭቃውን ሽሽት ዳር ዳሩን ይይዛል። ዳሩ ላይ ደግሞ ጣት የምታህል የጽድ ችግኝ ብቅ ብላለች፤ እሷም ትረገጣለች። ክረምቱ ሳይወጣ አንዱ መንገድ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም ይቦረቦራሉ።

ለከተማው ሕዝብ ምቹ መሄጃ እናብጅ ወይስ ተራራውን እንተወው የሚለው የቆየ ክርክር መነሻው እዚህ ላይ ነው። ክርክሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ የአካባቢው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመናምኖ ነበር። የማገዶው ችግር ከመክፋቱ የተነሳ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ባለውለታችን ነው፤ ያስከፈለን ዋጋም ግን አለ። ቅጠሉ በረገፈበት መሬት ላይ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ሣር የሌለው ተዳፋት ደግሞ ዝናብ አያቆይም፤ ውሃው አፈሩን ይዞ ይወርዳል።

አገር በቀሉን ደን ለመመለስ ብዙ ተሞክሯል። በ1987 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር አማካይነት 1,300 ሄክታር ያህል ለተፈጥሮ ፓርክ ተከለለ። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ተስማምተው 705 ሄክታር የሚሸፍነውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል መሠረቱ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ ፈረስ ግልቢያ፣ ምግብ ቤትና ማረፊያ ይዞ። ቀድሞ በአብዛኛው ጸሎተኛ፣ ሯጭና እንጨት ለቃሚ የሚያውቀው ተራራ የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ ሆነ።

ይህ በራሱ መልካም ነው። ሰው ያልሄደበት ጫካ የሚቆረቆርለት አያገኝም፤ ልጅነቱን በእንጦጦ ያሳለፈ ጽዱ ሲቆረጥ ዝም አይልም። ጥያቄው መንገዱ እንዴት ይሠራ የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጠውም ውሃው ነው።

ቁልቁል ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ ድንጋይ ቢነጠፍበትም ቦይ ነው። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ መንገድ ቀያሾች የሚከተሉት ደንብ አለ፤ የመንገዱ ቁልቁለት ከተዳፋቱ ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም፣ በአማካይም 10 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። መንገዱ የተራራውን ወገብ ይዞ ይዞራል፤ ወለሉ ወደ ውጭ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ በየመሐሉ ውሃውን ወደ ሣሩ የሚያወጣ የድንጋይ መሻገሪያ ይገባል። እርከን ሠርቶ ለሚያድር የአገራችን ገበሬ ይህ እንግዳ እውቀት አይደለም።

የቀረው ልክን ማወቅ ነው። ለሁለት ሰው የሚበቃ መንገድ ለመኪና አይስፋ፤ የፈረሱ መሄጃ ከእግረኛው ይለይ፤ ምንጭና ጅረት ባለበት መንገዱ ራቅ ይበል። ባሕር ዛፉም በአንድ ጊዜ ቢመነጠር መሬቱ ይራቆታል፤ በየቦታው እየተቀነሰ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይተካ። ሌሊት የጅብና የድኩላ ነውና መብራቱ ጫካው ውስጥ ዘልቆ አይግባ።

ስለ ተራራው ሲወራ እናቶቹም አይረሱ። ወገባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች የእንጦጦን ቀጫጭን መንገዶች ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጎርፍ የት እንደሚሰበር፣ የትኛው አቀበት እንደሚያንሸራትት ያወቁት ሸክም ተሸክመው ነው። መንገድ ሲቀየስ ቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ ለጥገናውም ደመወዝ ሊከፈላቸው ይገባል።

ደግሞም ውሃው እዚያው አይቀርም። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ተፋሰስ ድንበር ነው። በደቡብ የወደቀው ዝናብ በቀበና ወንዝ በኩል ከተማውን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን የወደቀው ወደ ዓባይ ይወርድና ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል።

የእንጦጦን መንገድ መልካምነት ለማወቅ የፈለገ ነሐሴ ላይ ይውጣ። ከድንጋይ መሻገሪያው የሚወጣው ውሃ ደፍርሶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይይ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዳር ዳሩን ይመልከት፤ ያቺ ጣት የምታህለው ጽድ ጉልበት ደርሳ ከሆነ መንገዱ ተሠርቷል።