ከሥፍራው ያልታጣ ሰው

በአሜሪካ አገር ሕዝቡ እጅግ የሚወደው ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። በሜዳው ላይ አራት ማረፊያዎች ተደርገዋል። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ሰው በዱላ መትቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሮጣል። በዚያም አንድ ጠባቂ ቆሞ ይጠብቀዋል። ባልንጀሮቹ ኳሱን አንሥተው ወደ እርሱ ይወረውራሉ። ጠባቂው አንድ እግሩን በማረፊያው ላይ አድርጎ፥ ሯጩ ሳይደርስ ኳሱን በቆዳ ጓንት ቢቀልብ፥ ሯጩ ከሜዳው ይወጣል። ኳሱን ቢጥል ግን የባልንጀሮቹ ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ሥፍራ የሚቆመው ሰው የታመነ መሆን ይገባዋል።

ከእነዚህ ጠባቂዎች መካከል ስሙ እጅግ የታወቀው ሉ ጌሪግ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን አገር የመጡ ድኾች ነበሩ፤ ከወለዷቸው አራት ልጆችም በሕይወት ያደገ እርሱ ብቻ ነው። አባቱ ብዙ ጊዜ ይታመም ስለ ነበረ፥ እናቱ ለሰው ምግብ እያበሰለች፥ ልብስም እያጠበች አሳደገችው። ልጁም ኮሎምቢያ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነገር ግን በ1923 ዓ.ም. ያንኪስ የሚባለው ቡድን በደመወዝ ሲቀጥረው፥ ወላጆቹን ለመርዳት ሲል ትምህርቱን ተወ።

ሁለት ዓመት ያህል ተራውን በትዕግሥት ጠበቀ። በ1925 ዓ.ም. በዋሊ ፒፕ ምትክ በመጀመሪያው ማረፊያ ቆመ። ከዚያ ወራት ጀምሮ እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ ከአንድ ጨዋታ እንኳ አልቀረም፤ ሳያቋርጥ የተጫወተው 2,130 ጊዜ ነው። ጣቱ ቢሰበርም፥ ወገቡ ቢያመውም ከሥፍራው አልታጣም። በአንድ ምት ማረፊያዎቹን ሁሉ ዞሮ የተመለሰውም 493 ጊዜ ነው። ሕዝቡም እንደ ባቡር የማይደክም ነው ሲል የብረት ፈረስ ብሎ ጠራው።

በ1938 ዓ.ም. ግን ጕልበቱ ይከዳው ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ቀን ቀላል ኳስ ቢቀልብ፥ ባልንጀሮቹ እንደ ትልቅ ሥራ ቈጥረው አመሰገኑት። እርሱም በዚህ ምስጋና ድካሙን ዐወቀ። ማንም ሳያስገድደው ወደ ቡድኑ አለቃ ሄዶ፥ ለቡድኑ ጥቅም ሲል ሥፍራውን መልቀቁን ነገረው። በዲትሮይት ከተማ በተደረገው ጨዋታ ሌላ ሰው ተተካ። ከዚህ በኋላ ሐኪሞች ሲመረምሩት፥ ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ቀስ በቀስ የሚገድል፥ መድኀኒትም ያልተገኘለት በሽታ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዓመት ከ60,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሊሰናበተው ተሰበሰበ። ጌሪግም ስለ ሕመሙ አላጕረመረመም፤ ወላጆቹን፥ ሚስቱንና ባልንጀሮቹን አመስግኖ፥ ከሰው ሁሉ ይልቅ ዕድለኛ ነኝ አለ። ከዚያም አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ፥ ከወህኒ የሚወጡትን ሰዎች ጕዳይ በሚመረምር መሥሪያ ቤት አገለገለ። በ1941 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ። ሳያቋርጥ የተጫወተበትን ቍጥር ካል ሪፕከን የሚባል ተጫዋች የበለጠው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1995 ዓ.ም. ነው።

ጕልበት ከሰውነት ጋራ መጥቶ ከሰውነት ጋራ ይሄዳል። ታማኝነት ግን በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ሰው በሚችልበት ቀን ከሥፍራው ባለመታጣቱ፥ በማይችልበትም ቀን ሥፍራውን ለሚችለው በመልቀቁ ነው።