የበሩ ቀለም ምን ነበር?

በ2015 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ ጧት፥ አሥራ አራት ሆነን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሰበሰብን። ከመካከላችን ገና በትምህርት ላይ ያሉም፥ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠሩም ነበሩ። አሳባችን ከአራዳ እስከ ዶሮ ማነቂያ በእግር እየተዘዋወርን ፎቶግራፍ ማንሳት ሲሆን፥ የዕለቱ ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የሁላችንም ካሜራ በጥቁርና ነጭ እንዲያነሳ ሆኖ እንዲስተካከል ነው። መሪያችን ዕድሜያቸውን በፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ያሳለፉ፥ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ነበሩ።

ካሜራው ቀለሙን አሟልቶ በሚሰጥበት በዚህ ዘመን ቀለምን መተው ምን ይባላል የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። ነገሩ ሲመረመር ግን የዲጂታል ካሜራ ዓይን በራሱ ቀለም አያውቅም። ሴንሰር በሚባለው ሰሌዳ ላይ ከተደረደሩት ሚሊዮን ነጥቦች እያንዳንዱ የሚለካው የብርሃኑን ብዛት ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው በየነጥቡ ላይ ቀይ፥ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ስለ ተቀመጠ፥ የጎደለውንም ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች እያሰላ ስለሚሞላው ነው። ይህን አደራደር ያወጣው የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር በ1976 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሌይካ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ማጣሪያውን ጨርሶ አንሥቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳ ዲጂታል ካሜራ አውጥቷል፤ ዋጋው ግን ለወር ደመወዝተኛ የሚወራ አይደለም።

መጀመሪያ ያስተማረን የጥምቀት ጌጥ ነው። በመንገዱ ላይ የተሰቀሉት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባንዲራዎች ገና አልወረዱም ነበርና ሁላችንም ተሽቀዳድመን አነሳን። ያነሳነውን ብናይ አረንጓዴውና ቀዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው፥ ቢጫው ብቻ በመካከላቸው እንደ መቀነት በርቶ ቀርቷል። ጋሼ ሳቁብን። «ቀለሙ ስለ ተለያየ ብርሃኑም የተለያየ መሰላችሁ?» አሉን።

ከዚያ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ዞርን። በፊልም ዘመን ሰማዩን ለማጥቆር በሌንሱ ፊት ቀይ መስተዋት ይደረግ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀለሙ በፋይሉ ውስጥ ካለ፥ በኮምፒዩተር ሰማያዊውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። አንድ ባልንጀራችን ኋላ እንዲሁ ቢያደርግ ደመናው አማረለት፤ የነሐሱ ፈረስ ግን በጠቆረው ሰማይ ውስጥ ጠፋበት። ሰማያዊውን ከፍ ሲያደርግ ነው ፈረሱ ተለይቶ የወጣው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ግን ነጠላ ነው። ከቅዳሴ የሚወጡትን እናቶች ስናነሳ ፊታቸው እንደ ጥላ ጠቆረ። ምክንያቱ ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፥ ነጩን ልብስ አይቶ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ነው። ብርሃኑን ስንጨምርለት ደግሞ ፊቱ ወጣ፥ ጥለቱና ክሩ ግን ጠፋ፤ በዲጂታል ፎቶግራፍ ጨርሶ ነጭ የሆነ ነገር ተመልሶ አይገኝም። ጋሼ ካሜራችንን እንኳ አልነኩም። ወደ አንዲት አሮጊት ቀርበው ቆባቸውን አወለቁና፥ «እማማ፥ እንደምን አደሩ? እነዚህ ልጆች ሊያነሱዎ ይፈልጋሉ፤ ከፈቀዱላቸው ወደዚህ ወደ ጥላው ይምጡልን» አሏቸው። እማማም ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ። በግንቡ ጥላ ሥር ልብሱም ፊቱም፥ የግንባራቸው ንቅሳት እንኳ ሳይቀር፥ ተለይቶ ታየ። ሰላምታውን ረስተን የሄድን ጊዜ ግን ሌላይቱ ሴት ፊታቸውን አዙረውብናል፤ እውነትም አላቸው።

ዶሮ ማነቂያ ስንደርስ እኔ በአንድ አሮጌ በር ፊት ቆምኩ። ሳንቃው ተሰነጣጥቆ፥ ቀለሙ ተልጦ፥ እጀታው በእጅ ብዛት አብረቅርቆ ነበር። ከዚያ የተሻለ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አላነሳሁም። ነገር ግን ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ካሜራዬን በጄፔግ ብቻ አድርጌው ነበር። ካሜራው በጥቁርና ነጭ ሲሆን ጄፔግ ቀለሙን ለዘለዓለም ይጥለዋል፤ ሮው የሚባለው ጥሬ ፋይል ግን በመስኮቱ ላይ ጥቁርና ነጭ እያሳየ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ሁለቱንም ባንድነት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጋሼም ጧት ነግረውን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ሲፈርሱ ያም ቤት ፈረሰ። በዚያ ግቢ ያደገ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሥዕሉን በጠረጴዛዬ ላይ አየና ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያም፥ «የበሩ ቀለም ምን ነበር? እናቴ ሰማያዊ ነው ትላለች፥ ለእኔ አረንጓዴ ይመስለኛል» አለኝ። ቆሜ አንሥቼው ሳለሁ አላስታውስም። ግራጫውን ብዙ ጊዜ መረመርኩት፤ ባንዲራውን ያየ ሰው ግን ከግራጫ ቀለም እንደማይጠየቅ ያውቃል።

ለአሥራ ሦስቱም ባልንጀሮቼ ጻፍኩላቸው። ጎረቤቱን ግድግዳ ያነሳች አንዲት ተማሪ ጥሬውን ፋይል አስቀምጣ ኖሮ ላከችልኝ። በሥዕሉ ጠርዝ ላይ የበሩ መቃን በጣት ስፋት ገብቷል፤ ሰማያዊ ነው። ሁለቱንም አሳትሜ ለባልደረባዬ ሰጠሁት። እናቱ ባለ ቀለሙን አይተው፥ «አላልኩህም?» ብለው በመሳቢያ ውስጥ አኖሩት፤ በአዲሱ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ግን ጥቁርና ነጩን ነው።