ብርሃን የሚሞቅ ደም

ሴዛሪ ሲንድረም የያዘው ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ቆዳው ይቀላል፤ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳዋል። በሽታው የቆዳ ይምሰል እንጂ ጣጣው ያለው ደም ውስጥ ነው፤ ቲ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር ሆነው ይዘዋወራሉ። ስለዚህ ቅባት ብቻውን ብዙ አያራምድም። ለእንዲህ ያለው የቆዳ ሊምፎማ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ፎቶፈሬሲስ ነው።

ታካሚው ወንበር ላይ ጋደም ይልና ክንዱ ላይ መርፌ ይገባለታል። ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት እየተጨመረበት በቀጭን ቱቦ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። እዚያ በፍጥነት እየተሽከረከረ እንደየክብደቱ ይለያያል፤ ቀዮቹ ሕዋሳትና አብዛኛው ፕላዝማ ለባለቤቱ ሲመለሱ ነጮቹ ይቀራሉ። ሜቶክሲሶራለን የተባለ መድኃኒት የሚጨመረው በእነዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ አልትራቫዮሌት ኤ ጨረር እስኪያርፍበት ድረስ ዝም ያለ ነው፤ ሲያርፍበት ግን የሕዋሱን ዲኤንኤ ጠፍሮ ይይዛል፤ ሕዋሱም በቀናት ውስጥ ይሞታል። ነጮቹ ብርሃናቸውን ከሞቁ በኋላ ወደ ሰውነት ይመለሳሉ። ሕክምናው ሁለት ቀን በተከታታይ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ በየአራት ሳምንቱ ይደገማል።

ሜቶክሲሶራለን የሚመደብበት የሶራለን ቤተሰብ የአባይ ሸለቆ ልጅ ነው። ግብፃውያን የእንስላል ዘመድ የሆነ ተክል ዘር ለለምጽ ይሰጡና በሽተኛውን ፀሐይ ያሞቁት ነበር። ደሙን ራሱን አውጥቶ ብርሃን ማሞቅ ግን የአሜሪካዊው ሐኪም የሪቻርድ ኤደልሰንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ37 ታካሚዎች 27ቱ ተሽሏቸዋል። በዓመቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕክምናውን ፈቀደ።

የሚገርመው በአንድ ዙር ብርሃኑ የሚደርሳቸው ሕዋሳት ጥቂት መሆናቸው ነው። ነገሩ እንደ ኩላሊት እጥበት ማጣራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልፈየደ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት የሞቱትን ሕዋሳት ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ያነሷቸዋል፤ የጠላትንም መልክ ለቀሪው ሠራዊት ያሳያሉ። ዝርዝሩ ገና ያከራክራል። ይኸው ሕክምና የተለገሰ መቅኔ የተቀባዩን ሰውነት ሲያጠቃም ይሰጣል፤ እዚያ ደግሞ ሥራው ማብረድ ነው! አንዱን የሚቀሰቅስ፣ ሌላውን የሚያበርድ መድኃኒት ብዙ አላውቅም።

ፀጉር አያረግፍም፤ ጉዳቱም ከኬሞቴራፒ ይቀላል። ግን ቶሎ አይሠራም፤ ለውጡ ወራት ይፈልጋል። ሉፐስን የመሰለ ብርሃን የሚያባብሰው ሕመም ላለበት አይሰጥም። ታካሚው ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ ለ24 ሰዓት ጨረር የሚከላከል መነጽር ማድረግና ከፀሐይ መሸሽ አለበት፤ አልትራቫዮሌት ኤ የመስኮት መስተዋትም አያግደውምና ቤት ተቀምጬ ነበር ማለት አያድንም።